ምስጥ የበላው ጫማና የአባዬ መሐላ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለሰራዊት የሻው፣
ፖርቶ ከተማ፣ ፖርቱጋል።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? ሰውነትህስ እንዴት ነው? ያ ሲያስነክስህ የነበረው ወገብህ ተሻለው ወይስ እንደ ልማድህ "ምንም አይደል" እያልክ ትውላለህ? እናንተ ዘንድ ብርዱ የሚገባው አሁን ነው ብለኸን ስለነበር፣ እማዬ ኅዳር በገባ ቁጥር በዚህ ሁሉ ፀሐይ መሐል ተቀምጣ ስለ አንተ ይበርዳታል። ባለቤትህ ሐኒስ እንዴት ናት? ሆዷ መግፋቱን ከሰማን ወዲህ በዚህ ቤት ስሟ ሳይነሳ የዋለበት ቀን የለም። ማርያም በሽልም ታውጣት። እኛን ከጠየቅህ፣ ደህና አይደለንም እንዳልል ሁላችንም ቆመን እንሄዳለን፣ የቀረበልንን እንበላለን። ደህና ነን እንዳልልህ ደግሞ አባዬን በየቀኑ አየዋለሁ።

ስልክ እያለ ወረቀት ለምን አስፈለጋት ብለህ ትገረም ይሆናል። እኔ ስደውል አታነሳም። እማዬ ስትደውል ታነሳና "ስብሰባ ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ" ትላለህ፤ የእናንተ አገር ስብሰባ የማያልቅ ነው መሰል። አባዬ ሲደውል ስለ ዝናብና ስለ ከብቱ ታወራላችሁ፤ እኔ አንድ ነገር ልናገር ስል ስልኩን ከእጄ ይቀበለኛል። ስለዚህ ሰኞ አሶሳ ወጥቼ ፖስታ ቤት በአደራ እልከዋለሁ። ወረቀት መሐል ላይ አይቋረጥም። አባዬ የምጽፈው የሰላምታ ደብዳቤ ይመስለዋል። እኔ ግን የምጽፈው ስለ ጫማው ነው፤ ስለ ጫማውና ስለ አባዬ ስም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ከምትሠራበት ድርጅት ሁለቱን ፈረንጆች ይዘህ የመጣህ ዕለት፣ ማንጎው ሥር ሕዝቡን ሰብስበህ ያስረዳኸውን ዛሬም ቃል በቃል እደግመዋለሁ። ዓለም ላይ ሰው የሚሮጥበት ጫማ፣ የሚለብሰው ቱታ፣ የሚያነግተው ቦርሳ ሁሉ ከነዳጅ የሚወጣ ፕላስቲክ ነው፤ ሲጣል የልጅ ልጅ ቢያልፍም አይበሰብስም፤ አሁን ግን አገሩ ሁሉ ከሚበቅል ነገር መሥራት እየጀመረ ነው አልከን። ኩሬ ላይ ከሚንሳፈፈው አረንጓዴ፣ አልጌ ከምትሉት፣ የጫማ ሶል ይሠራል፤ ከእኛ ሽመል፣ ከቀርከሃው ደግሞ ክር ይወጣል፤ ክሩ ላብ ይመጥጣል፣ አይሸትም አልከን። ጫማው ሲያረጅ ቢቀብሩት በዓመቱ አፈር ይሆናል ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ። ጎረቤታችን ሱለይማን፣ መቼም ቀልድ አያልፈውም፣ "ይሄ የእንቁራሪት ምግብ ነው። ሰው እግሩ ላይ ያስራል? ወላሂ፣ ፈረንጅ ሥራ አጥቷል" አለ። አንተም ከሰው ጋር ሳቅህ። አባዬ ግን አልሳቀም። ልጁ በሕዝብ ፊት ቆሞ ሲናገር፣ ፈረንጆቹም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሲሰሙት እያየ ዓይኑ ውሃ ሞልቶ ነበር።

የማይካድ ነገር አልክድም፤ ሥራው ደስ ይል ነበር። ወንዙ ዳር ኩሬ ቆፈርን። አረንጓዴውን በስስ ጨርቅ እያጠለልን ሰሌን ላይ እናሰጣዋለን፤ ሲደርቅ የደቀቀ ጎመን ይመስላል፣ ሽታው ግን የዓሣ ነው። ከዚያ ቤት ስገባ ባሌ አዱኛ "ዛሬም ከባሕር መጣሽ?" እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ወንዶቹ ሽመሉን ሰንጥቀው ይቀቅላሉ፣ ይወቅጣሉ፤ እኛ ሴቶቹ እንደ ጥጥ እናበጥረዋለን። ደረቁን አልጌ ወሰዳችሁት፤ ሶል ሆኖ ተመለሰልን፤ ከሽመሉ ክር የተሸመነውም ጨርቅ መጣልን፤ ሁለቱን በእጅ የምንሰፋው እኛ ሆንን። የመጀመሪያውን ጫማ የጨረስኩ ዕለት መዳፌ ላይ አስቀምጬ ብዙ አየሁት። ክብደት የለውም። እኔ የሰፋሁት ነገር ባሕር ተሻግሮ ሰው ሊሮጥበት ነው ብዬ፣ ሞኝነቴ፣ እንባዬ መጣ።

ጫማው ለፖርቶው ትልቅ ሩጫ ነው፣ ሯጮቹ የሚያደርጉት የእናንተን እጅ ሥራ ነው ስትለን፣ የሰሊጥ አረም ትተን የሰፋን አለን። አዱኛ ማሳውን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ሽመል ሲወቅጥ ከረመ። ታናሻችን ማናለብሽ ትምህርቷን ለአንድ ዓመት ላቁም ብላ እምቢ ያልኳት እኔ ነኝ፤ እሷ ግን ከትምህርት ስትመለስ ደብተሯን ወርውራ መርፌ ታነሳ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ መሆኑን ማን ነገረን?

አሁን የሰፋነውን ጫማ ወደምናከማችበት፣ አባዬ ወደሚጠብቀው መጋዘን ልምጣ። ሌላ ሰው ቢያደርገው ባለማወቅ ነው እል ነበር፤ አንተ ግን የምስጥ አገር ልጅ ነህ። በእኛ ቤት አልጋ እግሩን ጣሳ ውስጥ ሳይነክር ቆሞ አያውቅም፤ ጣሳው ውስጥ ከጋራዥ የሚመጣ የተቃጠለ ዘይት አለ፤ ዘይት ከጠፋ አመድ አለ። እህሉ ቆጥ ላይ ነው፣ ሳጥኑ ድንጋይ ላይ ነው፣ ልብሱ ገመድ ላይ ነው። ወላጆቻችን በሰፈራ ከወሎ የመጡ ጊዜ ምስጥ የለበሱትን ሲበላባቸው፣ ይህን ያስተማሯቸው የሱለይማን አባት ናቸው። አንተ ራስህ የተወለድክ ሰሞን የታቀፍክበት ጋቢ አንድ ሌሊት መሬት ላይ አድሮ ጠዋት ወንፊት ሆኖ እንደተገኘ እማዬ ስንት ጊዜ ነግራሃለች። እዚህ አገር መሬት ላይ የተቀመጠ ነገር የምስጥ ነው፤ ይህን ለማወቅ ፖርቱጋል መሄድ አያስፈልግም።

ባለፈው ግንቦት ለሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ አናጢዎቹ የሽመል መደርደሪያውን አቁመው፣ እግሩን እንደ ልማዱ ዘይት ያለበት ጣሳ ውስጥ አስገብተው ነበር። እነሱ ለምሳ ሲሄዱ አንተና አባዬ መጋዘኑ ውስጥ ቀራችሁ። እኔ ምሳችሁን ይዤ በር ላይ ስደርስ ነው የሰማሁህ። ይህ ሽታ ጨርቁ ውስጥ ከገባ ፍተሻ አያልፍም፣ ከተፈጥሮ የተሠራ ንጹሕ ዕቃ ነው እያልን የሞተር ዘይት ከተገኘበት አለቀልን አልከው። አመድ እናድርግ ቢልህ ለፎቶ ያስጠላል፣ ድርጅቱ አይፈቅድም አልከው። "ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ምስጥ ሲሚንቶ አይበላም" ብለህ፣ አንተ ከሄድክ በኋላ መደርደሪያውን እንዲያፈርስ ነገርከው። ስምህንም እንዳያነሳ፣ ሰው እንዳያጉረመርም ጠባቂው ራሱ እንዳሰበው አድርጎ እንዲያደርገው ለመንከው። አባዬም እሺ አለ። ለአንተ እምቢ ብሎ ያውቃል?

አንተ በሄድክ በሳምንቱ አፈረሰው። ካርቶኖቹ ታሽገው ወለሉ ላይ ተደረደሩ። ሱለይማን ይህን ሲያይ በሩ ላይ ቆሞ፣ በዚያ ወንዱን ሴት በሚያደርግ አማርኛው፣ "የሻው፣ አንተ ሸምግለሽ ምስጥ ረሳሽ? ምስጥ ግን አንተን አልረሳም" አለው። አባዬ ያንተኑ ቃል መለሰለት፤ ሲሚንቶ ነው፣ አይበላም አለ። ሲናገር ግን ወደ ሱለይማን አላየም። ወደ ቁልፉ ነበር የሚያየው፤ ያንን ቁልፍ በጥቁር ክር አንገቱ ላይ አስሮት ነበር፤ ወንዝ ገላውን ሲታጠብ እንኳ አያወልቀውም።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጠነክር፣ የመጋዘኑ ጥግ ላይ ጣት የምታህል የጭቃ መስመር አገኘ። ያን ዕለት ስልኩን የያዝኩለት እኔ ነበርኩ፤ ጆሮው ስለሚከብደው ድምፁን ከፍ አድርጌው ሁሉን ሰምቻለሁ። "ልጄ፣ ምስጥ ገብቷል፤ ትንሽ ዘይት ላፍስ? ወይ ካርቶኑን ከፍ ላድርገው?" አለህ። ምን እንዳልከው ታውቃለህ። "አባዬ፣ በሞቴ፣ ዘይት እንዳታስነካብኝ! ማሸጊያውም እንዳይነካ። ፍተሻው ላይ ከተገኘ የምባረረው እኔ ነኝ። በመጥረጊያ ጥረገው፣ በቃ" አልከው። እሱም ጠረገው። በየጠዋቱ መጥረጊያ ይዞ ይገባል፤ በየጠዋቱ መስመሩ በሌላ ቦታ ወጥቶ ያገኘዋል። ምስጥ ከላይ ቢጠርጉት በውስጥ ይሄዳል እንጂ ወደመጣበት አይመለስም። አባዬ ይህን ያውቃል፤ አንተም ታውቃለህ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው።

ጥቅምት ላይ መንገዱ ሲደርቅ መኪናው መጣ። ሰው ሁሉ ሊያይ ወጣ፤ ሴቶቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ነበር፤ ማናለብሽ ጸጉሯን ሹሩባ ተሠርታ በስልኳ ፎቶ ልታነሳ ተዘጋጅታለች። አባዬ ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ በሩን ከፈተ። ካርቶኖቹ እንደተደረደሩ ናቸው፤ ማሸጊያቸው አልተነካም፤ ከላይ ላያቸው አንድ ጉድፍ የለባቸውም። አዱኛ የመጀመሪያውን አቅፎ አነሳው፤ ካርቶኑ ተነሳ፣ ታቹ ግን እዚያው ወለሉ ላይ ቀረ። ሌላውን አነሳ፤ ያም እንደዚያው። እኔ እጄን ሰድጄ አንድ አወጣሁ። ያወጣሁት ጫማ አልነበረም። ምስጥ የበላውን ቦታ በአፈር ይሞላል፤ ስለዚህ እጄ ላይ የመጣው የጫማ ቅርጽ የያዘ አፈር ነው፤ ሶሉ ወንፊት ሆኗል፣ የስፌቴ ዱካ ግን አፈሩ ላይ ይታያል። ጨበጥ ሳደርገው ፈረሰ። በዓመቱ አፈር ይሆናል ብለኸን ነበር፤ ማንም እግሩን ሳያስገባበት ሆነልህ። ማናለብሽ ሳቀች፤ ደንግጣ ነው የሳቀችው፤ ከዚያ ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ። ስንቷ ሴት በክት ልብሷ እዚያ ወለል ላይ ተቀመጠች።

ሩጫውስ ቀኑን ጠብቆ ተካሄደ። ሐኒ ፎቶውን ልካልን አየነው። ሯጮቹ ያንኑ ፕላስቲክ አድርገው ሲሮጡ በጣም ደስ ብሏቸዋል።

በሳምንቱ የድርጅቱ ተወካይ ከአዲስ አበባ መጣች። ጨዋ ሴት ናት፤ አልጮኸችም። ለጫማው ሥራ የተደራጀነውን ማኅበርተኞች ሰብስባ፣ ዕቃው ከመሬት ከፍ ብሎ መቀመጥ እንዳለበት መጀመሪያ ተነግሯችሁ ነበር፤ መደርደሪያው የት ሄደ? ማን አስፈረሰው? ብላ ጠየቀች። ሊቀመንበራችን ሃብታሙ፣ ድርጅታችሁ ዘይት ከልክሏል ተብሎ ሰምተናል ሲላት፣ እኛ የከለከልነው መርዝ ነው፣ ጣሳ ውስጥ ያለ ዘይት ማን ከለከለ? አለች። ያኔ ነው የገባኝ። የከለከለው ድርጅቱ አይደለም፤ አንተ ነህ። የራስህን ፍርሃት የድርጅት ትእዛዝ አስመስለህ ነው ለአባዬ ያሸከምከው። ደሜ ፈላ። ልነሳ ስል አባዬ ቀድሞኝ ብድግ አለ። "መደርደሪያውን ያፈረስኩ እኔ ነኝ። ዘይቱንም የደፋሁ እኔ ነኝ፤ ሽታው አስቸግሮኝ ነው። ማንም አላዘዘኝም። እርጅና ነው ልጆቼ፣ ልቤ ደክሟል" አለ። ተናግሮ ሲቀመጥ ወደ እኔ አየ። ያን አስተያየቱን ታውቀዋለህ፤ ልጆች ሆነን እንግዳ ፊት ስንቅለበለብ የሚያየን አስተያየት ነው። እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ሴትዮዋም አመስግና ሄደች። ሥራው ቆመ፣ ኩሬው ቀዝቃዛ ቅራሪ መስሎ ቀረ። በዚያው ሰሞን አንተ የክፍል ኃላፊ መሆንህን ሐኒ ለእማዬ ነገረቻት። እንኳን ደስ ያለህ።

አባዬ በዚህ አምባ ምን እንደነበር አልነግርህም፤ አንተም የበላህበት ክብር ነው። የቅሬው፣ የዕድራችን ዳኛ ነበር። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚያስተክለው እሱ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ መሐል የሚገባው እሱ፣ ድንበር የተገፋፉትን የሚያስምለው እሱ። አሁን ዳኝነቱን ለሌላ ሰጡት። የሰደበው የለም፤ "ጋሽ የሻው፣ እርስዎ እንግዲህ ይረፉ" ነው ያሉት። ባለፈው ለቅሶ ቤት ሄደን ዱሮ ከሚቀመጥበት ከአዛውንቶቹ መሐል ሳይሆን ድንኳኑ መግቢያ ላይ፣ ሰው እየረገጠው ከሚያልፍበት ቦታ ተቀመጠ። ማንም ወደ ውስጥ ይግቡ አላለውም። ልጆች "ምስጡ" ይሉታል፤ በፊቱ አይደለም፣ ግን ያ የከበደ ጆሮው ለዚህ ሲሆን አይከብደውም። አብረውኝ የሰፉት ሴቶች ወንዝ ስወርድ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እያለ ያሳደገን ሰው፣ ስሙ በቁሙ ሲቀበር እያየ እኔን "አብሽሪ ልጄ፣ ያልፋል" ይለኛል።

በዚህ ቢያበቃ ሆድ ይፍጀው ብዬ በተውኩት። ነገሩ ግን ጭራ አወጣ። አንዱ ነጋዴ ኩርሙክ ገበያ ላይ የእኛን ጫማ የመሰለ ጫማ ሲሸጥ አየሁ አለ። ሌላው ጾሬ መጠለያ ውስጥ በስደተኛ እግር ላይ አየሁ አለ። ያዩት የቻይና ፕላስቲክ ነው፤ ግን ወሬ አንዴ እግር ካወጣ ማን ይመልሰዋል? ምስጥ ይህን ሁሉ አይጨርስም፣ የሻው ጥሩ ጥሩውን ሸጦ የተረፈውን ለምስጥ ትቶ ነው ተባለ። ስለዚህ ማኅበሩ በመሐላ ይጥራ ብሎ ወሰነ። እንደ ዱሮው ወግ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ቆሞ፣ በሩን በገዛ እጁ እየዘጋ ይምላል። ቄሱ ይቅር ብለው ነበር፤ ሽማግሌዎቹ የአባቶች ሥርዓት ነው ሲሏቸው ተዉት። ቃሉንም አውጥተዋል፦ "ጫማውን አልሸጥኩም፤ በስብሰባ ፊት የተናገርኩትም ሁሉ እውነት ነው፤ ዋሽቼ እንደሆነ ይህ በር እንደተዘጋ በዘሬ ላይ ይዘጋ" የሚል ነው። ቀኑ ከጥምቀት ቀጥሎ ያለው እሁድ፣ ጥር 17፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው።

ልብ በል። አልሸጥኩም የሚለው እውነት ነው። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው የሚለው ግን ውሸት ነው፤ በአንተ ምክንያት ውሸት ነው። ይህ ሰው ስንቱን ሲያስምል ኖሮ፣ የሚምለውን ሰው ትከሻውን ይዞ "ልጄ፣ ካልሆነልህ ይቅርብህ፤ የሐሰት መሐላ ቤት ያፈርሳል" ሲል ነው የምናውቀው። ራሱ አንድ ቀን በሐሰት አልማለም። አሁን በሰባ ዓመቱ ሊምል ነው።

ባለፈው ሳምንት ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዶ ለመናቸው። "እምላለሁ፣ አልሸሽም። ግን ዘር የምትለዋን አውጡልኝ። በዓይኔ አስምሉኝ፤ ዋሽቼ እንደሆነ ዓይኔ ይጥፋ ልበል፤ ዘሬን ግን አታንሱብኝ" አላቸው። ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም፣ እኔ ግን አውቃለሁ፤ ሐኒ ሆድ ውስጥ ስላለው ነው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ንጹሕ ሰው የመሐላ ቃል አያማርጥም አሉ። እስከዚያ ቀን ሌብነቱን ያላመኑት እንኳ ከዚያ በኋላ አመኑ። ቃሉም ሳይለወጥ ቀረ። ሱለይማን ብቻ በማግሥቱ ቤታችን መጥቶ፣ "የሻው፣ አንተ ሐራሚ፣ ሌባ አይደለሽም። እኔ ቁርአን ይዤ እመሰክራለሁ። ግን አንድ ነገር ደብቀሻል" አለው። አባዬ ግን ወደ እኔ ዞረ። እኔን ሻይ አፍዪለት አለኝ።

ሱለይማን ሲሄድ አላስችለኝ ብሎ ጠየቅሁት። አባዬ፣ ለምን? እውነቱን ብትናገር ምን አለበት? አልኩት። "ሰራዊት በሰው አገር ነው፤ እዚያ ከወደቀ የሚያነሳው የለም። እኔ አገሬ ላይ ነኝ፤ ቢፈርዱብኝም ይቀብሩኛል" አለኝ። የአባት ዕዳ ለልጅ ሲባል ነበር የምሰማው፤ በእኛ ቤት ተገለበጠ። እንዲህ ያለ አባት አንተን በመውለዱ አዘንኩለት። ክፉ ቃል ነው፤ ግን አልሰርዘውም።

እንግዲህ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ብር አይደለም፤ አትላክ። ጥር 17 ከቅዳሴ በኋላ ደውልልኝ። ስልኬን ድምፁን ከፍ አድርጌ እበሩ ሥር እቆማለሁ። ሕዝቡ እየሰማ፣ "መደርደሪያውን ያስፈረስኩ፣ ዘይቱንም የከለከልኩ እኔ ነኝ፤ አባቴ ያዘዝኩትን ነው የሠራው" በል። ከዚያ በላይ አንድም ቃል አይፈለግብህም። ተወካይዋ መስማቷ አይቀርም፤ ሥራህን ሊያሳጣህ ይችላል፤ አልሸነግልህም። አንተ ግን የተማርክ ነህ፤ ሌላ ሥራ ታገኛለህ። አባዬ ሌላ ስም የሚያገኝበት ዕድሜ የለውም።

ካልደወልክ እኔ እናገራለሁ። እጁን በሩ ላይ ሳያሳርፍ መሐል እገባለሁ። ትዋሻለች እንደሚል አውቃለሁ፤ አንተን ለማዳን ሲል በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልጄ አይደለችም ሊል ይችላል። ይበለኝ። ሰውም የሚያምነው እሱን ይሆናል፤ አንተ ከሌለህበት እኔ ምን ማስረጃ አለኝ? ያን ቀን እኔ አባት አጣለሁ፣ አንተም እህት ታጣለህ፤ ከዚያ በኋላ ብትደውል አላነሳም። ይህን በቁጣ የጻፍኩት እንዳይመስልህ፤ ቁጣዬ ከጥቅምት ጀምሮ ሲፈላ ቆይቶ አሁን ረግቷል። ወንዙ ሲሞላ በትከሻህ ተሸክመህ ትምህርት ቤት ያደረስከኝ ወንድሜ ነህ፤ እወድሃለሁ፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

እማዬ ብዙወርቅ ግንባርህን ትስማለች። የነገርኳት ነገር የለም፤ ግን ሰሞኑን ፎቶህን ከግድግዳው አውርዳ ሳጥን ውስጥ ከታዋለች፤ ለምን ስላት ምስጥ እንዳያገኘው ነው አለችኝ። አዱኛ ሰላም በይው አላለኝም፤ እኔ ግን ብሏል ብዬ ጻፍኩልህ። ማናለብሽ ትናፍቀኛለህ ትልሃለች፤ እሷ መቼም ባንተ አትጨክንም። ልጄ እዩኤል ድክ ድክ ማለት ጀምሯል፤ ስልክ ባየ ቁጥር ጆሮው ላይ ለጥፎ አጎቱን ይጠራል። ሱለይማንና ቤተሰቡ ሰላም ብለውሃል። ሐኒን በእኔ ፈንታ እቀፋት፤ እሷ ምንም አታውቅም፣ በዚህ ጊዜዋ እንዳታስጨንቃት።

አባዬን ምን ልጻፍልህ ብዬ ጠየቅሁት። ሥራውን አጥብቆ ይያዝ አለ። ብዙ ቆይቶ ደግሞ ጠራኝና፣ ወንድ ልጅ የወለደ እንደሆነ በእኔ ስም እንዳይጠራው በይው አለኝ።

እህትህ ስርጉት የሻው

አሶሳ አጠገብ፣ ከአምባችን
ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.